የአጥራችን ቁመት

ሚስስ ካርልሰን ባለፈው ጥቅምት ሞተች። እናቴ ከድሮ ሰፈራችን ሰምታ ስትነግረኝ ሳህን እያጠብኩ ነበር፤ ማጠቤን አላቋረጥኩም። ነፍስ ይማር ማለት ወጉ ነው፤ አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሰው መውቀሱ አይቀርም፤ እኔም ሙት ወቃሽ አያድርገኝና ያቺን ሴትዮ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስጠላት ኖሬያለሁ። መጥላቴን የማቆምበት ምክንያት አግኝቼ ነበር። አላቆምኩም፤ እንዲያውም ብሶብኛል።

አሥር ዓመቴ ነበር። አባቴ ዘካሪያስ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል፤ እናቴ ልዕልት ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ክፍሎች ታጸዳለች። አንዱ ሲገባ አንዱ እየወጣ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ሾርላይን በምትባል ከተማ ቤት ገዛን። ቤቱ ኮረብታ ላይ ነው። ጀርባው እሾሃማ ቁጥቋጦ የወረሰው ገደል ስለሆነ በዚያ በኩል ድመት እንኳ አያልፍም። ፊት ለፊቱ መንገድ አለ፤ ከመንገዱ ጫፍ ላይ ደረጃ ይጀምራል፤ ደረጃው ቁልቁል ወርዶ የባቡር ሐዲዱ ጋ ያደርሳል፤ ከሐዲዱ ማዶ ባሕሩ ነው።

ቤቱን ያገኘልን ደላላ ፍቅረ ሥላሴ ይባላል፤ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። ፊርማው ቀን እኔም አብሬ ሄጄ ነበር። የሚፈረመው ወረቀት እንደ ትራስ ወፍራም ነው። አባቴ በሙሉ ስሙ፣ እስከ አያቱ ነው የሚፈርመው፤ እጁ ሲደክመው ወረቀቱን ለማየት ያህል ያርፋል።

«ይሄስ ምንድነው?»

«ኖርማል ነው ጋሼ። የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር ደንብ ነው፤ ሁሉም ሰው ሳይን ያደርገዋል።»

አባቴ ፈረመ። እናቴ ደግሞ ሰፈሩ ማኅበር አለው ሲባል ደስ አላት። በየወሩ ተራ ደርሶን የምንደግስ መስሏት ትልቅ ድስት ገዛች። ድስቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ለማኅበሩ ግን አንድም ቀን ውኃ አልፈላበትም።

ታናሽ ወንድሜ ልዑልቃል ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። አይናገርም። ሲጠሩት አይዞርም፤ የሚሽከረከር ነገር ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሌላ ነገር አይፈልግም፤ ባቡር ከታች ሲጮኽ ግን የያዘውን ጥሎ ይሮጣል። እናቴ ለጠየቃት ሁሉ «አጎቱም በስድስት ዓመቱ ነው አፉን የፈታው» ትላለች። ሐኪም እንዲያየው እየተባለ የሚሰጣትን ወረቀት ማቀዝቀዣው አናት ላይ ትከምረዋለች። ክርስትናም ልደትም ስንጠራ እሱን ይዘን አንሄድም፤ እንግዳ ከመጣብን እኔና እሱ ጓዳ ገብተን በሩ ይዘጋብናል። የቤታችን ገመና እሱ ነበር። ማንም እንዲህ ብሎ በቃል አልነገረኝም፤ ልጅ ግን እንዲህ ያለውን ነገር ሳይነገረው ያውቃል።

በገባን በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ልዑልቃል ወንበር ጎትቶ የበሩን ሰንሰለት ከፈተ። እናቴ ሽንኩርት እያቁላላች ስለነበር አልሰማችም። እኔ በመስኮት ሳይ፣ ከፊት ለፊታችን የምትኖረው ቀይ የዝናብ ካፖርት የለበሰችው ነጭ ሴትዮ፣ ወንድሜን በእጁ አንጓ ይዛ እየጎተተች መንገዱን ስታቋርጥ አየሁ። እሱ ይጮኻል። እሷ አትለቀውም። በራችን ጋ ስትደርስ እናቴ ወጣችና ልጁን ከእጇ መንጭቃ፣ ቃል ሳትተነፍስ በሩን በፊቷ ዘጋችው። የልዑልቃል አንጓ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀልቶ ነበር። ልትወስደው ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ሚስስ ካርልሰን ለእኔ ልጅ ሌባ ነበረች።

በሚቀጥለው ሳምንት አባቴ አጥር ሠራ። ገብረሕይወት የሚባል የሥራ ባልደረባው መጥቶ አገዘው። ሁለቱም እጅጌያቸውን ጠቅልለው፣ በአውቶቡስ መሪ በፈረጠመ ክንዳቸው ጉድጓድ ሲቆፍሩ፣ አባቴ እየሳቀ «እኛ አገር ሰው ቤቱን ከመሥራቱ በፊት ያጥራል፤ እነዚህ ቤቱን ሠርተው አጥሩን ረሱት» አለ። አጥሩ ከአባቴ ቁመት ይበልጣል። የጥድ እንጨቱ ይሸታል። አረንጓዴ ቀለም ቀባነው፤ እኔም ከታች በኩል ቀባሁ።

የዚያን እሑድ እናቴ ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ልዑልቃል መዳፉን በእንጨቶቹ ላይ እያንሸራተተ ከዳር ዳር ይሮጣል፤ ባቡሩ ሲጮኽ አጥሩ ጋ ደርሶ ይቆማል፤ ከዚያ ይመለሳል። እናቴ አንድ ሁለቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ቁጭ ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። እናቴ በቀን ስትተኛ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ሚስስ ካርልሰን ሜትር ይዛ መጣች። አጥሩን ለካች፤ ፎቶ አነሣች፤ ትንሽ ደብተሯ ላይ ጻፈች። የማኅበሩ ሊቀመንበር እንደሆነች ያኔ አላውቅም ነበር። በእንጨቶቹ መካከል ሳያት እሷም አየችኝና የሆነ ነገር አለችኝ፤ እኔ ምላሴን አወጣሁባት። ልጁን መውሰድ ሲያቅታት አጥሩን ልታስፈርስ መጣች ብዬ ደመደምኩ። የአሥር ዓመት ልጅ ሒሳብ ነው፤ አንድ ሲደመር አንድ።

ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። አባቴ የመጀመሪያውን ጣለው፤ ሁለተኛውን ማቀዝቀዣው ላይ ከእናቴ ወረቀቶች ጋር ከመረው። ሦስተኛውን ፖስተኛው አስፈርሞ ሰጠን፤ ሙሉ ደንቡ አብሮት ተያይዟል። የአባቴ እንግሊዝኛ ለአውቶቡስ ይበቃል፤ ለክርክር አይበቃም። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ጋ አስቀምጦኝ «አንብቢልኝ» አለ። በፈረንጆቹ 1947 የተጻፈ ውል ነው። ከመንገድ በኩል የሚቆም አጥር ከሰው ወገብ በላይ አይሁን ይላል፤ ባሕሩ ለሁሉም እንዲታይ።

አባቴ ፍቅረ ሥላሴ ጋ ደወለና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ይሄን የፈረሙት ሰዎች አፈር ሆነዋል። ቤቱን የገዛሁት እኔ ነኝ። የሞተ ሰው እንዴት ያዘኛል?»

«ጋሼ፣ ውሉ ከሰውዬው ጋር አይደለም፣ ከመሬቱ ጋር ነው የሚሄደው። ካውንቲው መዝገብ ቤት ሬከርድ ተደርጓል፤ ሶ፣ አነበቡትም አላነበቡትም ይይዝዎታል። ደግሞስ ሳይን አድርገውታል እኮ።»

«ኖርማል ነው አልከኝ።»

«ኖርማል ነው ጋሼ። ሁሉንም ነው የሚይዘው።»

አባቴ ስልኩን ዘጋና «በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» አለ። ለራሱ ነበር ያለው። ከዚያ ተረኛ ስለነበር ዩኒፎርሙን ለብሶ ወጣ።

እኔ ማንበቤን ቀጠልኩ። የአጥሩ አንቀጽ ያለበት ገጽ ላይ፣ ሁለት አንቀጽ ዝቅ ብሎ፣ የኛ ስም አለ። ይህን ቦታ ማንም «ኢትዮጵያዊ» የሆነ፣ ወይም የእስያ ዘር የሆነ ሰው፣ የቤት አገልጋይ ካልሆነ በቀር፣ እንዳይኖርበት ይላል። ደጋግሜ አነበብኩት። በትምህርት ቤታችን መጻሕፍት ውስጥ ያንን ቃል ስፈልግ አንድም ቀን አላገኘሁትም፤ የተገኘው እዚህ ነው። ሚስስ ካርልሰን እኛ ከገባን በኋላ ለእኛ ብላ ያስጻፈችው መሰለኝ። አጥሩ ሰበብ ነው፤ ነገሩ ይሄ ነው አልኩ። ገጹን ከመሐል አውጥቼ፣ አጥፌ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ደበቅኩት። አባቴ እንዲያየው አልፈለግኩም። እንዳያዝን ብዬ ነው እንዳልል፣ ያፈርኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ቤልቪው ውስጥ፣ ቤት ሲሸጥ የመሬቱን ሰነድ በሚመረምር ቢሮ እሠራለሁ። ያንን አንቀጽ በየወሩ አየዋለሁ፤ በዚህ ከተማ ዙሪያ ያረጁ ሰፈሮች ሰነድ ውስጥ ሞልቷል። ያኔ «ኢትዮጵያዊ» ሲሉ ጥቁርን ሁሉ ማለታቸው ነው፤ እኛ መኖራችንንም አያውቁም። እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙት የታገዱት ውላችን በተጻፈ በዓመቱ ነበር። ሬሳው ወረቀቱ ላይ ቀረ እንጂ ሞቷል። ከሱ በላይ ያለው የአጥሩ አንቀጽ ግን በሕይወት አለ። ገዢዎች የአባቴን ጥያቄ በየሳምንቱ ይጠይቁኛል፤ እኛ ያልተዋዋልነው እንዴት ይይዘናል ይላሉ። ይይዛችኋል እላቸዋለሁ፤ መዝገብ ገብቷል፣ ማንበቡ የእናንተ ፋንታ ነው። አንዳንዴ ድምፄ የፍቅረ ሥላሴ ይመስለኛል። እኔ በልጅነቴ የሞተውን አንቀጽ ፈርቼ ከሕያው ጋር አንድ ላይ አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ማኅበሩ ቅዳሜ ጠዋት ጠራን። እናቴ ሸሚዜን እየቆለፈች፣ ከዓይኔ ዓይኗን ሳትነቅል ነገረችኝ።

«ስለ ልዑልቃል አንዲት ነገር እንዳትተነፍሺ። ከጠየቁሽ ደህና ነው፣ ምንም የለም። እዚህ አገር ልጅ ይወስዳሉ፤ ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። አባቴም በር ላይ ቆሞ ሰማ፤ አልተቃወመም።

የሰፈሩ መሰብሰቢያ ቤት ምንጣፉ እርጥብ ካፖርት ይሸት ነበር። አምስት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ጀርባ ተቀምጠዋል፤ ሚስስ ካርልሰን መሐል ናት። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሷል። ቤቱ የኔ ነው፣ ግብሬን እከፍላለሁ፣ አጥሬ ማንንም አልነካም አለ። በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ ሲናደድ ቃላቱ ይጋጩበት ጀመር። አንድ ሽማግሌ ከወረቀት ላይ የአጥሩን አንቀጽ አነበበ፤ እንደተለመደ ጸሎት፣ ስሜት ሳይሰጠው ነው ያነበበው። ቀጥሎ የኛን ስም ያነባል ብዬ ጠበቅኩ። አላነበበም። ጭራሽ ፈራሁ፤ የደበቅኩትን ያወቁ መሰለኝ።

ሚስስ ካርልሰን መነጽሯን አወለቀች። አባቴን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው።

«የኔ ቆንጆ፣ ቤታችሁ ውስጥ ይህ አጥር የሚያስፈልገው ሰው አለ? ማንም ቢሆን?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

እየቆጠረችን ነው ብዬ አሰብኩ። እነማን እንደምንኖር ከኔ አፍ ሰምታ፣ ከገጹ ጋር አመሳክራ፣ ልትወስደው ነው። የወንድሜ አንጓ ላይ የቀላው ምልክት ታየኝ። አባቴ ጥያቄው ገብቶታል፤ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ።

«የለም፤ ማንም የለም» አልኳት።

መነጽሯን መልሳ አደረገች። አምስቱም እጃቸውን አወጡ፤ አጥሩ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እንዲያጥር ተወሰነ። መኪና ውስጥ ስንገባ አባቴ ራሴን ዳሰሰና «ጎበዝ ልጄ» አለኝ። ኮራሁ።

አባቴ አጥሩን ራሱ ቆረጠው። ገብረሕይወትን አልጠራውም። መጋዙ ቀኑን ሙሉ ጮኸ፤ የላይኛው ግማሽ ሣሩ ላይ ተከመረ። ሚስስ ካርልሰን ሜትሯን ይዛ መጥታ ለካች፤ ልክ ነበር።

በኅዳር፣ እሑድ ጠዋት፣ ለቤተ ክርስቲያን እየለበስን ሳለ ባቡሩ ጮኸ። ጩኸቱ አላቋረጠም። እናቴ ያን ጊዜ ነው ወንበር ተጎትቶ በሩ ጋ እንደቆመ ያየችው። አባቴ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ ደረጃውን ወረደ፤ እኔ ተከተልኩት። ልዑልቃል በሐዲዶቹ መካከል ጠጠሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል። ባቡሩ ከፊቱ ቆሟል፤ ይተነፍሳል። አባቴ የሠላሳ ዓመት ሹፌር ነው፤ ፍሬን ምን እንደሆነ ያውቃል። በባቡሩና በልጁ መካከል ያለውን መሬት በዓይኑ ለካውና ጠጠሩ ላይ ቁጭ አለ። ወንድሜን ከሐዲዱ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንጓውን ይዤ ጎትቼው ነው፤ እየጮኸ፤ የኔም ጣቶች ምልክት ቀርቶበታል።

የመጣው ፖሊስ እናቴን ብዙ አልጠየቃትም። ልጆች ሾልከው ይወጣሉ፣ በር ቆልፉ ብሏት ሄደ። አባቴ በማግስቱ መቀርቀሪያ ገዝቶ መጣ። የገጠመው የውጩ በር ላይ አይደለም፤ እሱንማ ልዑልቃል ይከፍተዋል። የወንድሜ መኝታ ቤት በር ላይ፣ ከውጭ በኩል ገጠመው። ደንቡን ካደግኩ በኋላ ከዳር ዳር አንብቤዋለሁ፤ ቤት ውስጥ ስለሚገጠም መቀርቀሪያ አንድም ቃል አይልም።

መጀመሪያ ለመኝታ ሰዓት ብቻ ነበር። ከዚያ እናቴ ምግብ ስትሠራ፤ ከዚያ እንግዳ ሲመጣ፤ ከዚያ ምክንያቱ ተረሳ። ትምህርት ቤት ገብቶ ነገሩ ኦቲዝም እንደሚባል ከተነገረን በኋላም፣ ከትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ወርዶ ቀጥታ ወደዚያ ክፍል ነበር። ጠዋት የምከፍትለት እኔ ነኝ። ሁለቴ ያንኳኳል፤ እከፍታለሁ። አሥራ አምስት ዓመት። ከመንገድ ሲታይ ቤታችን ያማረ ነበር፤ ባሕሩም ለሁሉም ይታያል።

አባቴ ካቻምና አረፈ። ባለፈው የካቲት ቤቱን ለመሸጥ ስንነሣ፣ የሥራ አመሌ ሆኖ፣ ማኅበሩ ስለ ቤታችን ያለውን ፋይል በሙሉ እንዲሰጠኝ ጠየቅኩ። የዚያች ቅዳሜ ቃለ ጉባኤ አለበት። ሊቀመንበሯ በቤቱ ውስጥ አጥሩ የሚያስፈልገው ሰው ካለ ጠይቃለች፤ የባለቤቱ ልጅ የለም ብላለች፤ ስለዚህ ልዩ ፈቃድ አልታየም ይላል። እንዲህ ያለ ልጅ ላለው ቤት ሕጉ ማኅበሩን ደንቡን እንዲያላላ ያስገድደው ነበር፤ ያኔም ሕጉ ነበረ። መጠየቅ ብቻ ነበር። ከቃለ ጉባኤው ጀርባ ከትንሽ ደብተር የተቀደደች ገጽ ተያይዛለች፤ በእጅ የተጻፈች።

«ባለፈው ሰሞን፣ አምስት ዓመት የሚሆነው ልጅ፣ ደረጃው ላይ ብቻውን። አይናገርም። ወደ ቤቱ መለስኩት። እናትየው ምንም አላለችም። ስለ አጥሩ፦ ጠይቂ።»

ቀኗን አየሁ፤ አጥሩ ከተለካበት ቀን ጋር አንድ ነው። ልትወስደው አልነበረም የመጣችው። ከደረጃው ላይ አንሥታ ነው ያመጣችው።

አሁን ይቅር ማለት ያለብኝ ይመስላችሁ ይሆናል። ታውቅ ነበር። ልጁን በእጇ ይዛዋለች፤ ሐዲዱ የት እንዳለ ታውቃለች፤ ባልደረቦቿ እጃቸውን ከማውጣታቸው በፊት «እኔ አይቼዋለሁ» ማለት ትችል ነበር። ጠይቂ ብላ ለራሷ ጻፈች፤ ጠየቀች፤ የጠየቀችው ግን የአሥር ዓመት ልጅ ነው፤ መልሱን ስታገኝ ደብተሯን ዘጋች። ደንቡ ለሷ ከልጁ ይልቅ ይታያት ነበር። እናቴንም ይቅር አላልኩም፤ ገመናዋን ልትሸፍን በልጇ ላይ ቆልፋበታለች። አባቴን ስለ ሞተ አልናገረውም። «ጎበዝ ልጄ» ያለኝን ግን ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ሰምቼም የሚያመኝ እሱ ነው።

እናቴና ልዑልቃል አሁን ከኔ ጋር ቤልቪው አፓርታማ ውስጥ ይኖራሉ። ወንድሜ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከኔ በራስ ይበልጣል። በሩ ላይ መቀርቀሪያ የለም፤ ቁልፉን እንኳ አስነቅዬዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ በየጠዋቱ ሁለቴ ያንኳኳል፤ እኔ ሄጄ እከፍታለሁ።

ትናንት ቅዳሜ ነበር። ማታውኑ በሩን ገርበብ አድርጌ ተውኩትና ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ወንበር አምጥቼ ተቀመጥኩ። ሲነሣ ሰማሁት። እግሩ እስከ በሩ መጣ። ብርሃኑ በስንጥቁ እየገባ እንደሆነ ያያል። ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ እጁን ዘርግቶ በሩን ከውስጥ ገፍቶ ዘጋው። ሁለቴ አንኳኳ።

ጠበቅኩ። ሁለቴ አንኳኳ። እናቴ ከወጥ ቤት «አዲስአለም፣ ክፈቺለት እንጂ» አለችኝ።

ተነሥቼ ከፈትኩለት።